ለጀማሪ እንጨት ቀራጭ ምን እንግዛ? የድሬዳዋና የሐረር ገበያ ግምገማ

ድሬዳዋ ላይ «የእንጨት መቅረጫ መሣሪያ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ ሳጥኑ ነው። ታይዋን ገበያ ስዞር ያገኘሁት እሱን ነው። ክዳኑ ግልጽ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ተደርድረው የተቀመጡ አሥራ ሁለት ትንንሽ መሮዎች፣ እጀታቸው በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ። የአምራች ስም የለውም። ሲያዩት ስጦታ ስጦታ ይላል፤ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም። እኔ ግን ለጀማሪ፣ በተለይ ለልጅ፣ አትግዙት እላለሁ። ምክንያቱንም፣ በምትኩ የገዛሁትንም ልንገራችሁ።

ስጦታው ስምንተኛ ክፍልን ላለፈችው የእህቴ ልጅ ነው። ልጅቷ ሐረር አያቷ ጋ ስትሄድ ጁገል ውስጥ ያሉትን የተቀረጹ በሮች በጣቷ እየዳሰሰች ነው የምትውለው። ራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም ስንወስዳት ሌላው ሰው የድሮ ሐረርን ፎቶግራፎች ሲያይ፣ እሷ አንገቷን ሰቅላ የእንጨቱን ሥራ ነበር የምታየው። አሁን ጅብ መቅረጽ ትፈልጋለች። እናቷን ሳታስፈቅድ በወጥ ቤት ቢላ የልብስ ሳሙና ላይ ሞክራለች፤ ሳሙናው ጅብ ባይሆንም ጆሮዎቹ ግን ጆሮ ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲገኝ ዝም ማለት አይቻልም።

እኔ የምሠራው ሳቢያን አካባቢ ባለ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ ነው። ሒሳብ ነው የምይዘው እንጂ መሮ አልጨብጥም። ግን ከቢሮዬ በር ወጥቼ አናጺዎቹን መጠየቅ እችላለሁ፤ ጠየቅኳቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ወጣት ይኸው ሳጥን ነበረው። አመጣልኝና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየነው።

መጀመሪያ ስለቱን መስኮት ወዳለበት አዞረው። «እይው፣ ያበራል» አለኝ። የአንድ መሣሪያ ስለት ወደ ብርሃን ሲዞር ጫፉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ካበራ ዶልዷሟል ወይም ከመጀመሪያውም አልተሳለም ማለት ነው። በትክክል የተሳለ ስለት ብርሃን የሚመልስ ጠርዝ የለውም፤ ጨለማ ሆኖ ነው የሚታየው። ይህን ማንም ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሊያደርገው ይችላል። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ ያላበራ አልነበረም።

ቀጥሎ ሞረድ አመጣ። በደንብ የጠነከረ ብረት ላይ ሞረድ ሲሄድ ይንሸራተታል፣ ድምፁም እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። እነዚህ ላይ ግን ሞረዱ ነከሰ፣ ብረቱም እንደ ዱቄት ረገፈ። ለስላሳ ብረት ነው። ብትስሉትም እንጨት ላይ ጥቂት ከሄደ በኋላ ይዶለዱማል። ሞረድ ይዛችሁ ገበያ አትሄዱም፣ ባለሱቁም አይፈቅድላችሁም፤ ስለዚህ ይህን ቁም ነገር ከእኔ ውሰዱት። እጀታዎቹም ቢሆኑ በሙጫ ብቻ ነው የተያዙት። አንዱን ይዞ ሲጠመዝዘው ብረቱ እጀታው ውስጥ ዞረ።

ይህ ሁሉ የዋጋ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ጀማሪ ልጅ ዶልዷማ መሮ ሲሰጣት ጥፋቱ የመሮው መሆኑን አታውቅም። እንጨቱ ሲሰነጠቅ፣ ክሩ ሲነቀል፣ እጇ ሲደክም «እኔ አልችልም» ትላለች። ሳጥኑ አልጋ ሥር ይገባል። ከዚያ በላይ ደግሞ አደጋው አለ። ዶልዷማ ነገር ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት የሚገፋ ብረት ሲያመልጥ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ስል ቢላ በትንሽ ጉልበት ይሄዳል፣ ባሰባችሁትም ቦታ ይቆማል። እናቶች «ስል ነገር ለልጅ!» ብለው ይደነግጣሉ። እህቴም ደንግጣ ነበር። ግን ቲማቲም በዶልዷማ ቢላ የከተፈ ሰው ሁሉ የምለውን ያውቃል።

እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ምን ሊቀርጽ ነው የሚፈልገው? ይህ ጥያቄ ግማሹን ገንዘብ ያተርፍላችኋል። እንደ ጁገል በሮች ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አበባና ሐረግ ማውጣት ከሆነ፣ የሚያስፈልገው መሮ፣ አፋቸው የጎበጠ መፈልፈያዎች፣ የእንጨት መዶሻና ሳንቃውን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ነው። ያ ብዙ ወጪና የራሱ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ማንኪያና ጭልፋ ከሆነ ቀጥ ያለ ቢላና ሆዱን የሚቦረቡር ጥምዝ ቢላ። እንደ እኛዋ በእጅ ተይዞ የሚቀረጽ ትንሽ እንስሳ ከሆነ ደግሞ አንድ ቢላ ይበቃል። አንድ! አናጺዎቹ ሁሉም በዚህ ተስማሙ፤ በሌላ ነገር ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

ቢላው። የእኛ ከውጭ አገር ነው የመጣው፣ ለእረፍት የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልን። (ለምታዝዙ ሰዎች፦ ስለት ያለው ነገር በእጅ ሻንጣ አይሆንም፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት አለበት። ቀድማችሁ ንገሯቸው።) ሞራ 120 ይባላል፤ ስዊድን ውስጥ ሞራ በምትባል ከተማ ስም የሚጠራ ቢላ ነው። ስለቱ አጭር ነው፣ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ። ብረቱ ሦስት ድርብ ነው፦ መሐሉ ጠንካራ የካርቦን ብረት፣ ግራና ቀኙ ለስለስ ያለ። ስለዚህ ጫፉ ስለቱን ይይዛል፣ ቢላው በጠቅላላው ግን በቀላሉ አይሰበርም። እጀታው ሆዱ ወፈር ያለ የበርች እንጨት ነው፤ ልጅቷ ስትይዘው ጣቶቿ በደንብ ይዞሩታል። ከነሰገባው ነው የሚመጣው። ከማሸጊያው እንደወጣ ወረቀት ይቆርጣል፣ እንጨቱም ላይ የሚያበራ ለስላሳ ቁርጥ ይተዋል።

ያልወደድኩለት ነገርም አለ። በእጀታውና በስለቱ መካከል ጣት የሚያቆም ከለላ የለውም። ለቀራጭ ይህ ጥቅም ነው ይላሉ፣ አያያዝ ስለሚቀያየር፤ ለጀማሪ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጠገቧ መቀመጥን ይጠይቃል። የካርቦን ብረት ስለሆነም ይዝጋል። የድሬ አየር ደረቅ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ በዚህ ሙቀት የእጅ ላብ ብቻውን ይበቃል። ከሥራ በኋላ መጥረግና ጠብታ ዘይት ማስነካት ነው፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሆናል። ትልቁ ችግር ግን እዚህ ሱቅ ገብታችሁ የምታገኙት ዕቃ አለመሆኑ ነው። ታጣፊ መሆኑ የማያስቸግራችሁ ከሆነ የፈረንሳዩ ኦፒነል ቁጥር 8 ሌላ አማራጭ ነው። ሲከፈት የሚቆልፈው የሚዞር ቀለበት አለው፤ ልጅ ከሆነ ያንን ቀለበት ሳይቆልፍ እንዳይጠቀም ደጋግማችሁ አስተምሩት።

ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ለሌለው ሰው ነው እንግዲህ የሚቀጥለውን የምጽፈው፤ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝም እሱ ነው።

ሐረር ከጁገል አጥር ውጭ አንድ ቀጥቃጭ አለ። ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላ ነው የሚሠራው። ስሙን አልጽፍም፣ ሳላስፈቅድ ሰው ገበያ ላይ ማውጣት አልወድም። ለልጅቷ ከቢላው ጋር የሚሄድ አንድ መፈልፈያ ፈልጌ ነበር፣ የጅቡን ጆሮና የሆዱን ሥር የሚቦረቡርላት። ትንሽ፣ አፉ እንደ ጥፍር የጎበጠ። ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ዓይነት እንጨት ላይ ነው እህቴ?» ብሎ ነው። ይህን የጠየቀኝ ሻጭ ድሬ ላይ አልነበረም።

«ከምን ብረት ነው የምትሠራው ጋሼ?» አልኩት እኔም በተራዬ።

«ከባሌስትራ ነዋ!» አለኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን። የመኪና ባሌስትራ ለመቅረጫ መሣሪያ ጥሩ ብረት ነው፤ ካርቦኑ በቂ ስለሆነ ሲግልና ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። ያረጀ ሞረድም እንዲሁ፣ እንዲያውም ከዚያ ይበልጥ። ፌሮ ግን አይሆንም። ፌሮ ለግንባታ የተሠራ ለስላሳ ብረት ነው፤ ቢቀጠቀጥና ቢያብለጨልጭም ስለት አይዝም። ርካሽ መሮ ሲገጥማችሁ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ፤ ፌሮ ከሆነ ተመለሱ።

ሲሠራው ቆሜ አየሁ። ብረቱን ቀጥቅጦ አፉን ካጎበጠ በኋላ እንደገና አግሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከረው። እዚያ ላይ አላቆመም። ጠርዙን ፈግፍጎ አበራውና ከእሳቱ ራቅ አድርጎ ቀስ ብሎ አሞቀው። የሚያበራው ብረት ቀለሙ እየተለወጠ ሄዶ የገለባ ቀለም ሲይዝ አወጣው። ይህ ሁለተኛው ማሞቅ ነው መሣሪያውን መሣሪያ የሚያደርገው። ነክሮ ብቻ የተወው ብረት ጠንካራ ነው ግን ተሰባሪ፤ መሮው እንጨት ላይ ጫፉ ይቆረሳል። ከገለባው ቀለም አልፎ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ለስልሷል። አንድ ሰው ይህን በዓይኑ ብቻ ለይቶ በልኩ ሲያወጣው ማየት ደስ ይላል። እጀታውን ከወይራ ሠራለት፤ ብረቱ በሚገባበት በኩል ደግሞ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ከቧንቧ የተቆረጠ ቀለበት አጠለቀበት።

ውጤቱስ? መልኩ የሳጥኑን አያክልም። ጥቁር ነው፣ የመዶሻ ምልክት አለበት። የጎበጠው አፉ በአንድ በኩል ትንሽ ወፈር ብሎ ስለመጣ የእኛ አናጺ ማስተካከል ነበረበት። ስለቱም እንጨት በሚፈልገው ልክ አልተሳለም፣ ማጭድ የሚስል ሰው ስለት ነው። ግን ሞረዱ ሲሄድበት ተንሸራተተ። ዝግባ ላይ ሲገፋ ንጹሕ ጎድጓዳ መስመር አወጣ፣ በእንጨቱ ክር ላይ አግድም እንኳ ሳይነቅል። ከሳጥኑ መሮዎች አንዱም ይህን አላደረገም። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ ሳጥኑ በተሸጠበት ገንዘብ ግን ቀጥቃጩ ሁለት መፈልፈያ ይሠራል፣ ወይም አንድ መፈልፈያና አንድ ትንሽ ቢላ። ቢላ ካዘዛችሁት «አጭር፣ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ» በሉት፤ ካልነገራችሁት የሥጋ ቢላ ነው የሚሠራላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። ስለት የሚመልስ ነገር አብሮ ካልተሰጠ ስጦታው የአጭር ጊዜ ነው። ጥሩ ዜናው፣ ይህ ክፍል በጣም ርካሽ ነው። የመኪና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ሂዱና በውሃ የሚሠራውን የብርጭቆ ወረቀት ጠይቁ፤ ቁጥር 400፣ 1000 እና 2000። መስታወት ቤት ደግሞ ወፍራም ቁራጭ መስታወት ለምኑ፣ ጠርዙን እንዲያደበዝዙላችሁ አድርጉ። ወረቀቱ በውሃ ርሶ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ቢላውን ስለቱ በተሠራበት ተዳፋት ልክ አስተኝቶ መሳብ ነው፣ ከ400 ጀምሮ ወደ 2000። አዲስና ስል ቢላ ከሆነ 400ውን አትንኩት፤ እሱ ለተቆረሰና ለዶለዶመ ነው። በመጨረሻ ቆዳ። ጫማ ሰፊ ጋ ጠንካራ የቀበቶ ቆዳ ቁራጭ ይገኛል፤ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በሙጫ ይለጠፍና ብረት የሚያወለውል ቅባት ይቀባል። ቆዳው ላይ ግን ቢላው ወደ ኋላ፣ በጀርባው አቅጣጫ ብቻ ነው የሚጎተተው፤ ወደ ፊት ከተገፋ ቆዳውን ይቆርጠዋል። ልጅቷ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ቆዳው ላይ ጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ መጎተትን ልማድ ካደረገች ወረቀቱን አልፎ አልፎ ነው የምትፈልገው።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቢላውን ገበያ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር ለሚስል ሰው አትስጡ። ብልጭታው ያምራል፣ ሥራውም ፈጣን ነው። ግን ቀጭን ስለት እዚያ ድንጋይ ላይ ወዲያው ይግላል፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ያ ሁሉ የቀጥቃጩ ልፋት ጠፋ ማለት ነው።

ጓንትም ገዛሁ፣ መቆረጥ የሚከላከለውን ዓይነት። ቢላ ለሚይዘው እጅ ሳይሆን እንጨቱን ለሚይዘው እጅ ነው። ስለት ሲንሸራተት ይከላከላል፣ ጫፍ ሲወጋ ግን ያን ያህል አይከላከልም፤ ስለዚህ ጓንት አለ ብሎ መዘናጋት የለም። ቢላ በሚይዘው እጅ አውራ ጣት ላይ ደግሞ ከቆዳ የተሰፋ ጣት መሸፈኛ፣ ያንኑ ጫማ ሰፊ ጠየቅኩት። ሌላው ሁሉ የአቀማመጥ ጉዳይ ነው፦ እንጨቱን በሁለት ጭኖች መካከል ይዞ መቅረጽ ክልክል ነው፤ ክርን ጉልበት ላይ ተደግፎ፣ ሥራው ከጉልበት ወዲያ። የጭን ውስጥ ደም ሥር ሲቆረጥ ቀልድ አይደለም። ይህንን በወረቀት ጽፌ ከስጦታው ጋር አስቀመጥኩት፣ ለእህቴም አነበብኩላት።

መያዣው ላይ እንኳ ትንሽ ቀበጥኩ፣ ግን ይገባታል። ሐረር መኪና ግርግር ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ጋ ወፍራም ሸራ አሰፋሁ፤ ኪስ ኪስ ያለው፣ ተጠቅልሎ በገመድ የሚታሰር። ቢላው፣ መፈልፈያው፣ ቆዳው፣ ጓንቱ ሁሉ ይገባሉ። ሁለት ባዶ ኪስ አስተረፍኩ። ሰፊው «ምን ሊገባባቸው ነው?» ሲለኝ «የሚቀጥለው ዓመት» አልኩት። እስቲ አስቡት፣ የሚያብለጨልጨው ሳጥን አሥራ ሁለቱም ቦታ ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ ልጅቷ ራሷ «አክስቴ፣ አሁን እንዲህ ዓይነት አፍ ያለው ያስፈልገኛል» የምትልበት ቦታ የለውም።

እንጨትም አብራችሁ ስጡ። መሣሪያ ተሰጥቶት የሚቀርጸው ያጣ ልጅ የበር መቃን ይጀምራል። ወይራ አትስጡ፣ ድንጋይ ነው፤ እጀታ እንጂ ለጀማሪ መቅረጫ አይሆንም። ዝግባ ለስላሳና ክሩ እኩል ስለሆነ ለመጀመሪያው ጅብ እሱን ሰጠኋት። ዋንዛ ቀጥሎ ይመጣል፤ ቀለሙ ያምራል፣ ጥሩ ሆኖ ለሚወጣው ሥራ ይቀመጥላት። ሁለቱንም ከመሥሪያችን ቁርጥራጭ ነው የወሰድኩት። የቤት ዕቃ መሥሪያ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ቁርጥራጭ የሚከለክላችሁ ብዙ አይመስለኝም፣ አብዛኛው ማገዶ ነው የሚሆነው። ኤምዲኤፍ ቢሰጧችሁ ግን መልሱ፤ ክር የሌለው የተጨመቀ ዱቄት ነው፣ ስለትም ይበላል። የድሬ መንገድ ዳር ኒም ሲከረከምም ቅርንጫፉን ማንሳት ይቻላል። ኒም የማሆጋኒ ዘመድ ነው፣ እርጥብ ሳለ በደንብ ይቀረጻል። ችግሩ የእኛ ሙቀት ነው፤ እርጥብ እንጨት እዚህ በፍጥነት ይደርቅና ጫፉ ይሰነጠቃል። የተቆረጠውን ጫፍ ሻማ ቀብታችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሥራ ስታቆምም ያልጨረሰችውን እንዲሁ።

ብር የሚበቃችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ቢላውን ግዙ፣ ቆዳውንና የብርጭቆ ወረቀቱን ጨምሩበት። መፈልፈያው ይቆየው። ጓንቱ ግን ለልጅ ከሆነ አይቆይም።

ግራኝ ለሆነ ልጅ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ፣ ከሁለቱም ጎን እኩል የተሳለ ቀጥ ያለ ቢላ ለየትኛውም እጅ ይሆናል፤ መፈልፈያውም እንዲሁ። የማንኪያ ሆድ የሚቦረቡረው ጥምዝ ቢላ ግን ብዙውን ጊዜ ለቀኝ እጅ ነው የሚሠራው። ከውጭ ስታስመጡ የግራኙን ለይታችሁ እዘዙ፤ ቀጥቃጭ ዘንድ ከሆነ ደግሞ ልጁን ይዛችሁት ሂዱና በየትኛው እጁ እንደሚይዝ ያሳየው።